ጋሽ ደምሴ በጋሽ ተሰማ አፍ

ሰው ከሰው ጋር አለመስማማቱን የሚገልጽበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። አንዱ ሰላምታውን ያሳጥራል፤ ትናንት ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሁሉ ሲጠይቃችሁ የነበረ ሰው ዛሬ «ደህና» ብሎ ካለፈ የሆነ ቦታ ላይ አልተስማማችሁም ማለት ነው፤ የት እንደሆነ ፈልጉ። አንዱ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማችሁና መልሱን ለጎረቤታችሁ ይሰጠዋል። እኛ ሞያሌዎች በዚህ ላይ የቋንቋ በረከት ተጨምሮልናል። ክርክር በአማርኛ እንጀምራለን። ሞቅ ሲል ኦሮምኛ ይገባበታል። ነገሩ ንግድ ከነካ በስዋሂሊ ነው የሚያልቀው። እንግሊዝኛ የመጣ ቀን ግን ተበላሽቷል፤ ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ የሚመጣው ፖሊስ ነው።

ታዲያ በአራት ቋንቋ መናገር የሚችል ሰው በአንዱም መስማት ላይችል ይችላል። ሌላው ሲናገር ዝም የምንለው አብዛኛውን ጊዜ እየሰማን ሳይሆን ተራ እየጠበቅን ነው። ዓይናችን ከንፈሩ ላይ ነው፤ ከንፈሩ እንደገጠመ ዘለን እንገባለን። እኔም የሰው ልጅ ከዚህ የተሻለ አያውቅም ብዬ ነበር የምኖረው፤ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አፌን አስከፍቶ ያዋለኝን ነገር እስካይ ድረስ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት በኬንያው ሞያሌ፣ በጋሽ ተሰማ ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። ሆቴል ስላችሁ ፎቅ እንዳይታያችሁ፤ ሻይ በወተት፣ ቻፓቲ፣ የፍየል ጥብስ፣ በጾም ቀን ሽሮ ይገኝበታል፤ ከጓሮ ደግሞ ለጭነት መኪና ሹፌሮች የሚከራዩ ጥቂት ክፍሎች አሉት። በረንዳው ግን የከተማው ጆሮ ነው። ከዚያ ተቀምጦ የማይሰማ ነገር የለም፤ በተለይ ደግሞ ባለቤቱ የሚናገረው። ጋሽ ተሰማ ጨርቅ ሊነግድ በወጣትነቱ ከደጋ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አባቱ «ተሰማ» ብሎ ስም ሲያወጣለት የነገሩን መጠን የገመተ አይመስለኝም፤ ጋሽ ተሰማ ሻይ ጠርቶ ጉምሩክ ድረስ ይሰማል።

ከመንገዱ ባሻገር የጋሽ ደምሴ የሞተር ብስክሌት መጠገኛ አለ። ጋሽ ደምሴ የጦር ሠራዊት መካኒክ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ ከብዙ ሰው ጋር በእግሩ ድንበር ተሻገረ፤ ካምፕ ኖረ፤ ካምፑ ሲዘጋ እዚህ ከተማ ቀረ። ዛሬ የሞያሌ ቦዳቦዳ፣ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ሁሉ፣ የሚድነው በእሱ እጅ ነው። ምሳ ሰዓት ሲሆን እጁን በጨርቅ እየጠረገ መንገዱን ያቋርጥና በረንዳው ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። ሁለቱንም በዕድሜያቸው አንቱ ማለት ይገባኝ ነበር፤ «አታስረጂን» ብለው ከልክለውኛል። ሁለቱ ተስማምተው ሲናገሩ የሰማሁት በዚህ ነገር ብቻ ነው።

በቀረው አይስማሙም። ዘንድሮ ይዘንባል ይላል አንዱ፣ አይዘንብም ይላል ሌላው። አስፋልቱ ሲመጣ ከተማው ያድጋል፣ የለም ከተማው ያልፈናል። የኡራን መንደር ፍየል ነው የሚጣፍጠው፣ የለም የጎዶማ። እኔ መርፌዬን እያስኬድኩ እሰማለሁ። አንዱ ሲናገር ሌላው ሻዩን ያማስላል፤ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ያማስላል። አይሰማም ነበር እል ነበር። ልብ በሉልኝ፣ እል ነበር ነው ያልኩት።

ከዚያ ግን እንደ ፍየሉ ክርክር የማይቀለድበት ነገር መጣ። የመቃብር ነገር።

የሌላ አገር ስደተኛ አገሩን የሚያየው በሕልሙ ነው። እኛ በረንዳው ላይ ቆመን ከድንበሩ ማዶ እናየዋለን። ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ መውጣት ነው። ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ፀጉራችንን ተቆርጠን፣ በርበሬ ገዝተን ለምሳ እንመለሳለን። ሰው ሲሞትብንም እንዲሁ ማዶ እናሻግረዋለን፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ካህኑ፣ መቃብሩ ሁሉ እዚያ ነው። ልዩነቱ፣ ሟቹ ለምሳ አይመለስም። እድራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ ማንም አስቦበት አያውቅም፤ እማማ በለጡ እስኪሞቱ ድረስ።

እማማ በለጡ ገበያው ጥግ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ከቦረናዋም፣ ከገብራዋም፣ ከሶማሌዋም ጋር አብረው ሸጠዋል፣ ልጅ ድረዋል፣ ተላቅሰዋል። እሳቸው ያረፉ ሰሞን ግርግር ተነሥቶ የድንበሩ ኬላ ተዘጋ። ሬሳው ቤት ዋለ። አደረ። የአገራችንን ሙቀት ለምታውቁ አልነግራችሁም፤ ለማታውቁም አለማወቁ ይሻላችኋል። በስንት ልመና ለጥቂት ቤተሰብ ብቻ ተፈቀደ። ገበያተኛው ሁሉ አስከሬኑን ተከትሎ ኬላው ድረስ ሄደና እዚያ ቆመ፤ ገሚሱ ወረቀት የለውም፣ ገሚሱ ፈርቷል። መኪናው ማዶውን ሽቅብ ሲወጣ ቆመን አየነው። የእማማ በለጡ የገበያ ጎረቤት የነበረችው ቦረናዋ ጉዮ ጎንበስ ብላ አፈር ዘገነች። የምትጥልበት ጉድጓድ ስላጣች፣ ጥቂት ይዛው ቆየችና መልሳ እዚያው መንገዱ ላይ አፈሰሰችው።

ጋሽ ደምሴ ያን አይቷል። ከቡቲዬ ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቡቲዬ ከተማችንን የነካ መንደር ነው፣ በእግር የሚኬድ። ሽማግሌዎቹም ለመቃብር የሚሆን መሬት ልንሰጣችሁ ፈቃደኛ ነን አሉ። ጋሽ ደምሴ ይህን ይዞ በረንዳው ላይ መጣ፤ ከእንግዲህ ሙታናችን እዚሁ ይረፉ አለ። ጋሽ ተሰማ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አገርህን ረስተሃል» አለው። ጋሽ ደምሴም «አንተ የምትወደው የሞተ ሰው መጫን ነው» ብሎ መለሰለት።

ወራት እንዲህ አለፉ። ነገሩ ከሁለቱ ወጥቶ ወደ እድርተኛው ገባ። ሰው ጠረጴዛ መለየት ጀመረ፤ በረንዳው ላይ የቡቲዬ ወገንና የማዶ ወገን ተባለ። ሰላምታው እያጠረ ሄደ። እድሩ ለሁለት ሊከፈል ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሁላችንም ደነገጥን፤ እኛ አንድ ላይ ሆነን እንኳ ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ የምንፈልገው በመከራ ነው። ለሁለት ተከፍለን ማን ማንን ሊቀብር ነው? በመጨረሻ የእድሩ ሊቀመንበር እትዬ አስካለ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁሉም ይሰብሰብ አለች።

በመሐሉ የጋሽ ደምሴ ድምፅ መሻከር ጀመረ። ጉንፋን ነው ተባለ፤ አልለቀው አለ። ናይሮቢ ሄዶ ሲታይ ጉሮሮው ላይ እባጭ ተገኘ። ክፉ አልነበረም፤ ቆርጠው አወጡለት። ሐኪሙ ግን እስኪድን አንዲት ቃል እንዳትወጣህ፣ ሹክሹክታም ቢሆን፣ ብሎ አስጠነቀቀው። እንዲህ ሆኖ ተመለሰ። ምሳ ሰዓት እንደ ልማዱ መንገዱን አቋርጦ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ሻዩን ያማስላል፣ ዝም ይላል።

ጋሽ ተሰማ አሸነፈ ብላችሁ ይሆናል። መልስ የሚሰጠው ሲያጣ እሱም ታመመ እንጂ። መጀመሪያ ቀን ለብቻው ተናገረ። በማግስቱ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ ንግግሩን ጀምሮ መሐል ላይ ይተወው ጀመር። አንድ ቀን ስለ ዝናቡ አንድ ነገር አለና መልስ ቢጠብቅ የለም፤ «አውቃለሁ፣ ደመናው ከምሥራቅ ካልመጣ አይዘንብም ልትል ነው» አለው። ጋሽ ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። እኔ እጅጌ እየገጣጠምኩ ነበር፤ ብዙም ልብ አላልኩትም።

እሑድ መጣ። በሆቴሉ ግቢ ወንበር ተደረደረ። እድርተኛው ሁለት ጎራ ሆኖ ተቀመጠ፣ በመሐሉ መተላለፊያ ተለቀቀ፤ ሠርግ ቢሆን ያምር ነበር። እትዬ አስካለ ነገሩን አስረዳችና ሐሳቡን ያመጣው ጋሽ ደምሴ ነው፣ እሱ ግን መናገር አይችልም፣ ምን ይሻላል አለች። ሌላ ቀን ይሁን ያሉ ነበሩ፤ የቡቲዬ ሽማግሌዎች መልስ እየጠበቁ ነው ተባለ። የጋሽ ደምሴ ትልቋ ልጅ እኔ ልናገርለት ብላ ተነሣች። ጋሽ ደምሴ በፍቅር አያትና ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ። ከወገኖቹ መሐል አንደበተ ርቱዕ የሚባል አንድ ነጋዴ ተነሣ። እሱንም አስቀመጠው። ከዚያ እጁን ዘረጋና በመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠውን ጋሽ ተሰማን በጣቱ አመለከተ።

ሰው ሳቀ። ጋሽ ደምሴ ግን አልሳቀም፤ ጣቱንም አላወረደም። ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ።

ጋሽ ተሰማ ለመነሣት ጊዜ ወሰደ። ፊቱን አየሁት፤ ሰው ከባድ ነገር ሊያነሣ ሲል እንደሚሆነው ሆኗል። መተላለፊያውን ተሻግሮ ጋሽ ደምሴ አጠገብ ቆመና፣ «የማትለውን ካልኩ ጠረጴዛውን አንኳኳ» አለው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

«እኔ ደምሴ ነኝ» አለ።

አሁን የምነግራችሁን ካላመናችሁኝ አልቀየማችሁም፤ እዚያው ቁጭ ብዬ እየሰማሁ እኔም ማመን አቅቶኝ ነበር። ያ ጉምሩክ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ወረደ። የጋሽ ደምሴን አነጋገር ያዘ፤ ቃሉን እንደ ብሎን አንድ በአንድ እያጠበቀ የሚናገረውን። ስለ ኬላው ተናገረ፤ በሩን የሚከፍቱትም የሚዘጉትም ሌሎች ናቸው፣ ሞት ግን ኬላው ተከፍቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም አለ። እዚህ ተወልደው የኬንያ መታወቂያ ስለያዙት ልጆቻችን ተናገረ፤ አባታቸውን ባሻገርን ቁጥር እናንተ እዚህ እንግዳ ናችሁ እያልናቸው ነው አለ። ስለ ጉዮ ተናገረ። ያቺ ሴት የዘገነችው አፈር መንገድ ላይ የፈሰሰው በእኛ ጥፋት ነው፤ አገር ማለት ሊያለቅስልህ የሚመጣ ሰው ሳይከለከል የሚደርስበት ነው አለ። በረንዳው ላይ ወራት ሙሉ ስንሰማው የከረምነው ክርክር ነበር። እንዲህ ተሰድሮ ግን ከጋሽ ደምሴ ከራሱ አፍ እንኳ ሰምተነው አናውቅም።

ከዚያ ጋሽ ተሰማ፣ የጋሽ ደምሴ አፍ ሆኖ፣ «ይህን የሚቃወሙኝ፣ እንደነ ተሰማ ያሉት፣ ልማድ ሆኖባቸው እንጂ አስበውበት አይደለም» አለ።

ጠረጴዛው ተንኳኳ።

ጋሽ ተሰማ ዞር ብሎ አየው። ጋሽ ደምሴም አየው፤ ጣቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ጋሽ ተሰማ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «የሚቃወሙኝ ሰዎች አስበውበታል። እኔ ከቆምኩበት ሆኖ የማይታየኝን ነገር ይወዳሉ» አለ።

ጋሽ ደምሴ ጣቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።

ያበቃ መስሎን ነበር። ጋሽ ተሰማ ግን ጎንበስ ብሎ ጋሽ ደምሴን በዓይኑ አንድ ነገር ጠየቀው። ምን እንደጠየቀው አናውቅም። ጋሽ ደምሴ ብዙ ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነና ገለጠ። ጋሽ ተሰማ ቀና አለ፤ ድምፁ አሁን ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም።

ስንሸሽ አንድ ወንድሜ አብሮኝ ነበር አለ። ታናሼ ነው። መንገድ ላይ በውኃ ጥም ደከመብኝ፤ ድንበሩ ሳይታየን አረፈ። በእጄና በቆርቆሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሰዎች እየሸሹ ስለነበር ምልክት የማደርግበት ጊዜ አልነበረኝም። ሰላም ሲሆን ተመልሼ ፈለግኩት። ግራሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ አሸዋው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አላገኘሁትም። «እኔ ስሞት» አለ ጋሽ ተሰማ፣ «ልጄ ከቤቷ ወጥታ በእግሯ ሄዳ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ እዚህ ነው ብላ የምታሳየው ቦታ እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው።»

ጠረጴዛው አልተንኳኳም። ጋሽ ደምሴ ፊቱን በዚያ እጁን በሚጠርግበት ጨርቅ ሸፍኖ ነበር።

ከበረንዳው ላይ የማያመልጠኝ ነገር የለም ብያችሁ የለ? ይህን ግን ሰምቼው አላውቅም። መቼ እንደነገረው፣ ከየትኛው ክርክር በኋላ እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። የገባኝ ነገር አንድ ነው። ጋሽ ተሰማ ሻዩን እያማሰለ ተራውን ሲጠብቅ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ፣ እያንዳንዷን ቃል ሲሰማ ኖሯል። ሰማዩን እያየሁ ዝናብ እየለመንኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከደረቅ ዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ አቧራው ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። የዚያን ዕለት ግን ያየሁት ከዚያም ይበልጥብኛል።

እትዬ አስካለ እንባዋን ጠርጋ ጋሽ ተሰማን አሁን ደግሞ የራስህን ተናገር አለችው። ወደ ቦታው ተመልሶ ተናገረ። ማዶ ያሉት ካህናትና ጸሎቱ እንደሚያስፈልጉት፣ ዕድሜውን ሙሉ በሄደበት ወረቀት ሲጠየቅ እንደኖረና በመጨረሻ ማንም ወረቀት የማይጠይቀው አፈር ውስጥ መተኛት እንደሚፈልግ ነገረን። አጥንታችን እዚያ ካልሆነ የልጅ ልጆቻችን ለምን ብለው ይሻገራሉ አለ። መልካም ንግግር ነበር። ግን «አገርህን ረስተሃል» የምትለዋ ቃል አልወጣችም። ልትወጣ ስትል አይቻታለሁ፤ ከንፈሩ ደርሳ ተመለሰች። የአንድን ሰው ሕመም በገዛ አፉ ከተናገረ በኋላ፣ በዚያው አፉ ሊሰድበው አልቻለም።

ድምፅ ተሰጠ። የቡቲዬውን መሬት እንቀበል የሚል እጁን ያንሣ ሲባል ከሁለቱም ወገን እጅ ተነሣ፤ እኔም አነሣሁ። የሚቃወም ሲባል ጥቂቶች አነሡ። ከእነሱ መሐል ከፍ ብሎ የሚታየው የጋሽ ተሰማ እጅ ነበር።

እትዬ አስካለ ግራ ገባት። «ጋሽ ተሰማ፣ አሁን ያሳመንከን አንተው አይደለህም እንዴ?»

«እናንተን ያሳመናችሁ ደምሴ ነው» አለ። «እኔን ገና አላሳመነኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ይኼኛው ሳቅ ግን ከመጀመሪያው ይለያል፤ መተላለፊያውን ከዚህም ከዚያም የሚሻገር ሳቅ ነበር። ጋሽ ተሰማ እጁን ሳያወርድ አንድ ነገር ልጨምር አለ። መሬቱ ይወሰድ፤ ግን ማዶ መሻገር እፈልጋለሁ ብሎ የተናዘዘ ሰው ካለ እድሩ ኬላው ቢከፈትም ቢዘጋም ጠብቆ ያሻግረው። ይህን የሚደግፍ ሲባል ከሁሉ በፊት እጁን ያነሣው ጋሽ ደምሴ ነበር። እድሩም አልተከፈለም። ጉዮ ከቡቲዬ ሴቶች ጋር ሆና የመቃብሩን አጥር እሾህ ስታጥር አገኘኋት፤ ማን እንደጠራት ብጠይቃት ማን ይከለክለኛል አለችኝ።

የጋሽ ደምሴ ድምፅ ከተመለሰ በኋላ የመጣበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። በረንዳው ሞልቷል። ምን እንደሚል ለመስማት ሁሉም ሥራውን ትቷል፤ እኔም የስፌት መኪናዬን አቁሜያለሁ። ያመሰግነዋል፣ ያቅፈዋል፣ ምናልባት ሁለቱም ያለቅሳሉ ብለን ጠብቀናል። ጋሽ ደምሴ ተቀመጠ። ሻዩን አማሰለ። በሻከረው ድምፁ፣ «አንዷን ነጥቤን ዘለሃታል» አለ።

«የትኛዋን?»

«የነፋሱን። ቡቲዬ ነፋሻ ነው ብዬህ አልነበር?»

«አልዘለልኳትም» አለ ጋሽ ተሰማ። «ደካማ ስለነበረች ነው የተውኩልህ። ሰው ፊት እንዳታሳፍርህ።»

ነፋስ ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል ብሎ ጠየቀው። ለሞተው ማን አለ፣ ሊጎበኘው ለሚመጣው ነው እንጂ አለ ጋሽ ደምሴ። ማዶም ነፋስ አለ። የማዶው አቧራ ያመጣል። አቧራውን የሚያመጣው የእናንተ የአስፋልት ሥራ ነው። ጉምሩክ ድረስ መሰማት ጀመረ። እኔም መኪናዬን አስነሣሁ።

ባለፈው ሳምንት እትዬ አስካለ ወደ እኔ መጣች። በውሳኔው መሠረት እያንዳንዱ እድርተኛ የት መቀበር እንደሚፈልግ እየተጠየቀ ነው፤ ሁሉም ተናግሯል፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። ጋሽ ደምሴ አሳምኖኛል። ጋሽ ተሰማም አሳምኖኛል። ክፋቱ ሁለቱንም በአንድ አፍ ነው የሰማኋቸው፤ የቱ እንደሚበልጥ ለመለየት አልቻልኩም። ታዲያ ምን ልበል አለችኝ።

እስክትወስን ድረስ አትሞትም በይልኝ አልኳት።